የቀዩ በሬ ኮምፒውተር

ሐሙስ ጠዋት፣ ሱብሒ ተሰግዶ ፀሐይ ሳትወጣ፣ መርሳ በሙሄዲን ቤት ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ባለቤቱ ሙሄዲን፣ ሚስቱ ዘይነባ፣ እና ማታ ከውርጌሳ መጥቶ ያደረው የዘይነባ ወንድም ዓሪፍ። አራተኛዋ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው የባልና ሚስቱ ልጅ ዙልፋ ናት። መጋረጃው ከታጠበ ወዲህ ስላጠረ እግሮቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይታያሉ። ሦስቱም አይተዋቸዋል፤ ሦስቱም እንዳላዩ ሆነው ያወራሉ።

"በሬ ሸጦ ሣጥን የገዛ ሰው አላየሁም" አለ ዓሪፍ። "ለወንድ ልጅ ቢሆን ባጃጅ ግዛለት እልሃለሁ። የሴት ልጅ መንገድ ግን ይታወቃል። ናጅዋ ልጄ አይደለችም? በሚቀጥለው ወር ለሥራ ጅዳ ትገባለች። የዙልፋም ፓስፖርት ወጥቷል። አብረው ቢሄዱ አንዷ ለአንዷ ትሆናለች።"

"ሣጥን አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው" አለች ዘይነባ ቀስ ብላ።

"ሣጥን ነው እንጂ ምንድን ነው? መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሣጥን።"

ሙሄዲን ጋቢውን አስተካከለ። መልስ ለመስጠት አይቸኩልም። ዓሪፍ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ናጅዋ ለጉዞ የምትይዘውን ልብስ ሲገዛላት ሱቅ ውስጥ ዕንባው እንደመጣ ዘይነባ ነግራዋለች። "ዛሬ ወልዲያ ሄደን እንገዛዋለን" አለ በመጨረሻ። "ሥራዋን ከሠራላት ትቀመጣለች። ካልሠራላት ከናጅዋ ጋር ትሄዳለች። ከዚህ ሌላ የምሸጠው በሬ የለኝም።" ከመጋረጃው ሥር እግሮቹ ወደ ኋላ ሸሹ።

ዙልፋ ወልዲያ በቴክኒክና ሙያ የቤት ፕላን መሳል ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልፏታል። ወይንሸት የምትባል ወልዲያ ቢሮ ያላት ኢንጂነር የእጇን ሥራ አይታ ወድዳዋለች። ነገር ግን "በራስሽ ኮምፒውተር እቤትሽ ሆነሽ የምትሠሪ ከሆነ ነው የምሰጥሽ፤ የኔን ስዕል ሲከፍት የሚደርቅ ከሆነ አንቺም እኔም ጊዜያችንን አናጥፋ" ብላ የአንድ ሕንፃ ስዕል በፍላሽ ሰጥታታለች። ዙልፋ ያንን ስዕል በጓደኛዋ አሮጌ ላፕቶፕ ለመክፈት ሞክራ ላፕቶፑ እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ፍላሹን ከዚያ ወዲህ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ሙሄዲን ከዚህ ሁሉ የገባው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ እቤቱ እንድትቀር የሚገዛላት ዕቃ ሳይደርቅ መሥራት አለበት። ለዚህም ለዒድ ያደለበውን ቀዩን በሬ ሰማንያ ሺህ ብር ሸጦታል።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ዙልፋ፣ ከጎኗ ሙሄዲን ተቀመጡ። ሾፌሩ ከመርሳ ሳይወጣ ሁለት ሰው ደርቦ ጫነ፤ አንዷ ሴትዮ የማንጎ ዘንቢሏን በሙሄዲን እግር ላይ አስደግፋ ይቅርታ ጠየቀች፤ እሱም "ምንም አይደል፣ ይቀመጥ" አላት። ብሩ በውስጥ ኪሱ ነው፤ ዘይነባ በመርፌ ሰፍታበታለች፤ ጠዋት ስትሰፋው "የዙልፋ አባት፣ አደራ በመንገድ እንዳይተኙ" ብላዋለች። አልተኛም። ያስብ ነበር። ሙሄዲን በመርሳ የሚታወቀው ቅርጫ በማካፈል ነው። ሰፈሩ ተዋጥቶ በሬ ሲያርድ ሥጋውን መደብ መደብ የሚያደርገው እሱ ነው። በተነጠፈው ቅጠል ዙሪያ ጎንበስ ብሎ እየዞረ ከሁሉም ዓይነት ለሁሉም ይጥላል፤ ከዚህ ትንሽ ይቀንሳል፣ እዚያ ይጨምራል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ ተመልሶ አንዲት ቁራጭ ያነሣል። ሚዛን ይዞ አያውቅም። ሲጨርስ እጁን ይታጠብና "ክፍፍሉ ትክክል ነው፤ በቢስሚላህ አንሡ" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም። የእሱ ድርሻ ሰው ሁሉ አንሥቶ የተረፈችው መደብ ናት።

ሲሪንቃ ሲደርሱ፣ የምርምር ማዕከሉ ማሽላ በመስመር ከቆመበት ማሳ አጠገብ፣ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። ሙሄዲን ወደ ልጁ ዞረ። "ይሄ ዕቃ ስንት ነገር ነው የሚገጣጠምበት?"

ዙልፋ በጣቷ ቆጠረች። "ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ስዕሉ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ መብራቱን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉን የሚይዘው ቆርቆሮ፣ ስክሪኑ። ስምንት ነው አባዬ።"

"ሰማንያ ለስምንት" አለ ሙሄዲን ደስ ብሎት። "አሥር አሥር ሺህ። ሳንደርስ አለቀልን እኮ።"

ዙልፋ አፏን ከፈተች። ልትናገር ስትል ረዳቱ በሩን በኃይል ዘጋው፤ ሚኒባሱ ተነሣ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ዞረች። ሙሄዲን ዝምታዋን እንደ መስማማት ወሰደው። የበሬ ገንዘብ እንደ በሬ ቢካፈል ምን ችግር አለው? አንዱን አብልጦ አንዱን ማሳነስ አድሎ ነው። እስከ ወልዲያ ድረስ በልቡ ስምንቱን መደብ እያየ ሄደ።

የሃፍታይ ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቅ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሚወርድ ሰው ካለ የሚወጣው ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋል። ሃፍታይ እናትና አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልዲያ የኖሩ፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ዘወትር ጠመንጃ መፍቻ በደረት ኪሱ የሚሰካ ሰው ነው። ከመስታወቱ ባንኮኒ በላይ የተጠቀለለ ጨቅላ ፎቶ በፕላስተር ተለጥፏል። ሽቦ፣ ካርቶን፣ የተፈታ ላፕቶፕ በየቦታው አለ፤ መቀመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ሃፍታይ በጨርቅ ወልውሎ ለሙሄዲን ሰጠው።

"አባቴ እንኳን ደህና መጡ። በስንት ብር እናስበው?"

ሙሄዲን ጀርባውን አዙሮ የዘይነባን ስፌት በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ ብሩን ስምንት ቦታ ከፍሎ በመስታወቱ ላይ በመስመር ደረደረው። "ለእያንዳንዱ አሥር ሺህ" አለ። "ማንም ማንንም እንዳይበልጥ።"

ሃፍታይ መስመሩን አየ። ሽማግሌውን አየ። ልጅቷን አየ። "እሺ" አለና ዕቃ ማውጣት ጀመረ። በእያንዳንዱ እስር ብር ፊት አንድ አንድ ዕቃ አስቀመጠ። ለቆርቆሮው አሥር ሺህ የተመደበለት ስለሆነ ጎኑ መስታወት የሆነውን፣ ውስጡ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚሽከረከርበትን አመጣ። ሲሰካው ሱቁ እንደ ሠርግ አዳራሽ ሆነ። ሙሄዲን ሳያስበው ፈገግ አለ። ይሄ ሳሎን ሲቀመጥ ዓሪፍ ሣጥን ማለቱን ይተዋል። ስክሪኑም ሰፊ ነው። ፕሮሰሰሯ ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል በትንሽ ፕላስቲክ ተጠቅልላ ነው የመጣችው፤ ግራፊክስ ካርዱም አቧራ የለበሰ ነው።

"ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው እህቴ?" አላት ሃፍታይ።

"ለፕላን። ለሕንፃ ስዕል።"

ሃፍታይ ጆሮውን አከከ። "ይከፍታል" አለ ወደ ሙሄዲን እያየ። "ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይከፍታል።"

ሙሄዲን ወደ ልጁ ዞረ። "እንዴት ነው ዙልፋ?"

"ጥሩ ነው አባዬ።"

ይህንን ድምፅ ያውቀዋል። በቅርጫ ቀን መደቡ ያልተስማማው ሰው፣ ከጎረቤት ጋር ላለመቀያየም፣ ልክ እንዲህ ነው "ጥሩ ነው" የሚለው። ሙሄዲን እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመው አፉን አይመለከትም፤ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚመለከተው። የዙልፋ ዓይን መብራቱን አላየም። ስክሪኑንም አላየም። ከባንኮኒው በስተኋላ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ሌላ ግራፊክስ ካርድ ላይ ነበር፤ ሙሄዲን ሲያያት ዓይኗን ቶሎ አነሣች።  እኩል አካፍሎ ሳለ ልጁ የከፋት ለምን እንደሆነ አልገባውም። ልትነግረው እንደማትደፍር ግን ገባው፤ በሰው ሱቅ፣ በሰው ፊት፣ አባቷን ተሳስተዋል አትልም። እዚያው ቆማ ቀስ የሚለውን ዕቃ ተቀብላ፣ እቤት ሲደርቅባት ዝም ብላ ሻንጣዋን ትሸክፋለች።

የሃፍታይ ስልክ ጮኸ። "ኣዜብ ናት፣ ይቅርታ" አለና አነሣው። "እሺ... እሺ፣ አልረሳሁም።" ዘጋውና ወዲያው ሌላ ቁጥር ደወለ። "ስማ፣ ዛሬ ካረድክ ቅልጥሙን ለኔ አስቀምጥልኝ። ሁለቱንም። ለአራስ ነው፣ ለማንም እንዳትሸጠው።" ስልኩን ኪሱ ከተተና አፍሮ ሳቀ። "ሚስቴ ናት አባቴ። በቅርቡ ነው የተገላገለችው።"

"አላህ ያሳድግላችሁ" አለ ሙሄዲን። ዓይኑ ፎቶው ላይ ቆየ። ከዚያ በመስመር ወደተደረደሩት እስሮች ተመለሰ።

በቅርጫ ቀን ማንም ሳይነግረው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነበር። መደቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ቆዳው ገና ሳይገፈፍ፣ "ከሰፈሩ ማን ወልዳለች?" ብሎ ይጠይቃል። የወለደች ካለች ቅልጥሙ ለቤቷ ይነሣል። ጉበቱም ይነሣል። የቀረው ነው የሚካፈለው። በዚህ ያጉረመረመ ሰው የለም፤ እንዲያውም ሳያነሣ ቢቀር ነበር የሚጉረመረሙበት። ዙልፋ የተወለደች ሰሞን ለዘይነባ የተነሣውን ቅልጥም ራሱ በሁለት እጁ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የገባው።

"ልጄ" አለ። "ከእነዚህ ውስጥ አራሷ የትኛዋ ናት?"

ሃፍታይ ሊስቅ አለና ተወው። ዙልፋ አባቷን ትክ ብላ አየችው። ጥያቄው እስኪገባት ትንሽ ቆየች፤ ሲገባት እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ በፕላስቲክ የተጠቀለለችውን ፕሮሰሰር ነካች። ቀጥላ፣ እንደ መስረቅ አድርጋ፣ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ካርድ ጠቆመች።

"ሁለት አራስ ነው እንዴ ያለን?"

"ሁለት ናቸው አባዬ። አንዷ ታስባለች፣ አንዷ ትስላለች። የቀሩት ለእነሱ የሚሠሩ ናቸው።"

"ታዲያ ከመርሳ ጀምሮ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደስ ብሎዎት ነበር" አለች።

ሙሄዲን ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ከመቀመጫው ተነሣና በባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለ። ከቆርቆሮው እስር ሰባት ሺህ አነሣ። የሚሽከረከረው መብራት ጠፋ፤ በምትኩ ሃፍታይ ከጓዳ አንድ ጎኑ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ቆርቆሮ ይዞ፣ "ፓወር ሰፕላይ በነፃ አብሮት አለ" እያለ መጣ። ከስክሪኑ አራት ሺህ ተነሣ፤ ከአንድ ቢሮ የወጣ፣ ጥጉ ላይ ጭረት ያለበት ስክሪን ተተካ። ከራሙም፣ ከኤስኤስዲውም ተነሣ። ዙልፋ አሁን ትናገራለች፤ "ይሄ ይበቃል፣ ወደፊት ሌላ ራም መጨመር ይቻላል፤ ይሄ ማዘርቦርድ ግን አይሁን፣ ነገ ለሚጨመረው ቦታ የለውም" ትላለች፤ ከሃፍታይ ጋር በዋጋ ትከራከራለች፤ ሃፍታይም "አንቺ ልጅ ነጋዴ ነሽ እንዴ? እሺ፣ ኪቦርድና ማውሱን እመርቅልሻለሁ፣ ልቀቂኝ" ይላታል። ሙሄዲን ልጁ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። ስሞቹን አልያዘም። ድምፅዋን ብቻ እየሰማ፣ ስትነግረው ከአንዱ እስር ወደ ሌላው ብር ያዛውራል፤ ራቅ ብሎ ያያል፣ ይመለሳል።

ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሲደርስ እጁን ዘረጋ። "ይህቺ ደግሞ የማትታይ ናት። ከጥቁሩ ቆርቆሮ ጋር በነፃ የሚመጣ አለ አላልክም?"

"አባዬ፣ ይህቺን እንኳ አይንኩ" አለች ዙልፋ ፈጥና። "የመርሳን መብራት ያውቁታል።"

"እውነቷን ነው" አለ ሃፍታይ። "ያ በነፃ የሚመጣው ሲሞት ብቻውን አይሞትም።"

ሙሄዲን እጁን መለሰ፤ ሁለት ሺህ ብቻ ወሰደ። ሲጨርስ በሁለቱ አራሶች ፊት የተከመረው ብር የሌሎቹን ሁሉ ያህል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ረጅም ጊዜ አየው።  "ክፍፍሉ ትክክል ነው" አለ። "በቢስሚላህ አንሣ።"

ሃፍታይ እየገጣጠመ ሳለ ሻይ አስመጣላቸው። ከዚያ የስዕሉን ፕሮግራም ጫነላት፤ ስክሪኑ በርቶ ሲያዩት ሃፍታይ "የምትሞክሪው ነገር የለም?" አላት። ፍላሹ በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ ነው። ዙልፋ ቋጠሮውን በእጇ ጨበጠችው እንጂ አልፈታችውም። "እቤት" አለች። ሙሄዲን እንደፈራች አይቶ አልጎተጎታትም።

ሲመለሱ ኮምፒውተሩን በጋቢው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ታቅፎት ነበር። ለአስፋልቱ ጉድጓድ ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ "አባባ፣ ምን ታቅፈው ነው? ጥጃ ነው?" አለው።

"በሬ ነው" አለ ሙሄዲን። ሰው ሳቀ። ዙልፋም ስክሪኑን እንዳቀፈች ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቀች።

መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ሳሎኑ ውስጥ ጠዋት የነበሩት ሰዎች ሁሉ ነበሩ። ዓሪፍ ወደ ውርጌሳ አልተመለሰም፤ ዕቃውን ሳላይ አልሄድም ብሎ ቆይቷል። ጋቢው ሲገለጥ ጎድጎድ ያለውን ቆርቆሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። "በሬው እኮ ከዚህ የተሻለ መልክ ነበረው" አለ። ማንም አልሳቀም። ዘይነባ የመሶብ ማስቀመጫውን ጠረጴዛ ጠርጋ አመጣች። ዙልፋ ሽቦዎቹን ሰካካች፤ ቋጠሮዋን ፈታች። ቋጠሮው ስለቆየ ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ነው የፈታችው።

ፍላሹን ሰክታ ስዕሉን ለመክፈት ነካችው። በዚያው ቅጽበት ጎረቤት ያለው ወፍጮ ተነሣ፤ እንደ ልማዱ የቤቱ አምፖል ቀላና ደብዘዝ አለ፤ ተንቀጠቀጠ። ዘይነባ "ያ ረቢ" አለች። ሙሄዲን ስክሪኑን አላየም፤ የልጁን ጀርባ ነበር የሚያየው። ትከሻዋ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አምፖሉ ሲመለስ ትከሻዋ ወረደ። ስክሪኑ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ደረጃው፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ብረት ሳይቀር። ዙልፋ ማውሱን ገፋ ስታደርገው ሕንፃው ያለ ምንም መንገራገጭ ዞረ፤ ጀርባውን አሳያቸው፤ ተመልሶ ዞረ። እሷም ወደ ኋላ ሳትዞር "አባዬ፣ ይሠራል" አለች።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙሄዲን።  ዘይነባ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ዓሪፍ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። "ቤት ይስላል ማለት ነው?"

"ይስላል አጎቴ።"

"ናጅዋ ደሞዝ ስትይዝ ውርጌሳ ባለችን ቦታ ላይ ቤት እንሠራለን ብላኛለች" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "እስቲ ሳዪልኝ። አንድ ሳሎን። ለኔና ለእናቷ አንድ ክፍል። ለሁለቱ ወንዶች ለየብቻ፣ እኩል ይሁን፣ እንዳይጣሉ። አንድ ለእንግዳ።"

ዙልፋ መሳል ጀመረች። መስመሮቹ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ሳሎኑን ሳለች፤ የባልና ሚስቱን ሳለች፤ የወንዶቹን እኩል አድርጋ ሳለች፤ የእንግዳውን ሳለች። ከዚያ አላቆመችም። በምሥራቅ በኩል ሌላ ክፍል ጨመረች፤ ከወንዶቹ ሰፋ ያለች፤ ሁለት መስኮት ያላት። ዓሪፍ በጣቱ ጠቆመ።

"ይህቺን አልነገርኩሽም። የማን ናት?"

ዙልፋ ኪቦርዱን ጥቂት ነካ ነካ አደረገች። በክፍሉ መሃል "ናጅዋ" የሚል ወጣ።

ዓሪፍ ጽሑፉን አየ። አፉን ከፈተ። ልጄ ታገባለች፣ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች፣ ክፍል ምን ያደርግላታል ሊል እንደሆነ ሙሄዲን ያውቃል፤ ራሱም በሌላ ቀን ቢሆን ይለው ነበር። ዓሪፍ ግን አላለም፤ ወደ ሙሄዲን ዞሮ፣ እንደ ቅርጫ ቀን፣ ፍርዱን ጠበቀ።

ሙሄዲን ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ራቅ ብሎ አየ፤ እንደገና ቀረበ። "ክፍፍሉ ትክክል ነው" አለ።

ናጅዋ በቀጣዩ ወር ሄደች። ዙልፋ ሻንጣዋን ይዛላት እስከ መናኸሪያ ሸኘቻትና ወይንሸት ወደ ሰጠቻት ሥራ ተመለሰች። የውርጌሳው ቤት በዓመቱ መሠረቱ ወጣ፤ በፕላኑ መሠረት።